ሌሊት የሚተኛው መኪና

እ.ኤ.አ. በጥር 2019 አንድ ማለዳ፣ በአውሮራ ከተማ ከሃቫና ጎዳና ብዙም በማይርቅ የአፓርታማ ግቢ ውስጥ፣ ሃምሳ ዓመት የሞላው አንድ ሰው መኪናውን ሊያሞቅ ወርዶ ባለበት ደርቆ ቀረ። በረዶ የሸፈነው ጥቁር መርሴዲስ የፊት ግራ ጎኑ ወደ መሬት ሰምጧል። ጎማው ከላይ በላሜራው ተውጦ አይታይም፤ መኪናው ጭነት የሚጠብቅ ግመል ይመስል ተንበርክኳል። ሞተሩን ሲያስነሣ ከፊት በኩል አንድ ትንሽ ፓምፕ ማቃሰት ጀመረ፤ በዳሽቦርዱ ላይ «መኪናው ከመጠን በላይ ዝቅ ብሏልና ቁም» የሚል ቀይ ጽሑፍ በራ። ከሁለት ደቂቃ በኋላ መኪናው ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ጽሑፉም ጠፋ። ሰውየው ለሚስቱ ምንም ሳይነግር ወደ ሥራው ሄደ።

መኪናው የ2008 ሞዴል ኤስ 550 ነው። ፋብሪካው በውስጥ መጠሪያው ደብልዩ 221 የሚለው ይህ ትውልድ በ2005 መስከረም በፍራንክፈርት የመኪና ትርኢት ለዓለም ታየ፤ በአሜሪካ ገበያ አዲስ ሳለ ዋጋው ከ85 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። ባለ 8 ሲሊንደር 5.5 ሊትር ሞተር፣ 382 የፈረስ ጉልበት፣ ባለ 7 ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ አለው፤ በሞላ ፈንታ የተቀመጠው በታመቀ አየር ላይ ነው። ሰውየው በጥቅምት 2018 በ9,400 ዶላር ገዛው። 118 ሺህ ማይል ሄዷል፤ ጣራው ላይ በበረዶ ድንጋይ የተጎደጎዱ ጥቂት ጉድጓዶች ነበሩበት። በግንቦት 2017 በዴንቨር አካባቢ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ የመድን ኪሳራ ያስከተለ የበረዶ ውርጅብኝ ስለ ወረደ፣ እንዲህ ያለ ጣራ በዚያ አገር ማንንም አያስደነግጥም።

ይህን ግዢ ሞኝነት ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ግን ስህተት ነው። ሰውየው ወደ አሜሪካ ከመምጣቱ በፊት አሥራ አራት ዓመት በመርካቶ፣ በሶማሌ ተራ ዙሪያ፣ በመካኒክነት ኖሯል። በሙያው የተካነ፣ ደላላ በቀላሉ የማያታልለው ሰው ነው። ያሳሳተው የመኪና ዕውቀት ማነስ ሳይሆን፣ ከሌላ ገበያ ይዞት የመጣው የዋጋ ዕውቀት ነው። በአዲስ አበባ መኪና ጥሪት ነው። አሥር ዓመት የተነዳ ኮሮላ ከተገዛበት ብር በላይ ሲሸጥ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። የውጭ ምንዛሪ እጥረቱ፣ የብሩ አቅም መዳከም፣ በቀረጥ ላይ ቀረጥ መደራረቡ አሮጌውን መኪና ከጊዜ ጋር ያስወድደዋል። በኋላም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ፤ ይህም ያንኑ ዝንባሌ የሚያጠናክር ነበር። በእንዲህ ያለ ገበያ ያደገ ሰው ዋጋና ዋጋ ያለው መሆን አንድ ላይ እንደሚጓዙ ያምናል። የ85 ሺህ ዶላር ዕቃ በ9,400 ሲቀርብለት የሚታየው አደጋ ሳይሆን ዕድል ነው።

መርሴዲስ የሚለው ስም የራሱ ክብደት እንዳለውም መካድ አይቻልም። ለአንድ ትውልድ አዲስ አበቤ ይህ መኪና የሚኒስትርና የአምባሳደር፣ ሲከፋም የሙሽራ መኪና ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው በትንሽ ቮልስዋገን ተጭነው ሲወሰዱ፣ ከመውረዳቸው ባልተናነሰ ሕዝቡ ያወራው ስለ መኪናዪቱ ነበር። ሰው በምን እንደሚሄድ ማየት አገሩ የለመደው ንባብ ነው፤ አውሮራ የደረሰ ሁሉ ይህን ንባብ ጥሎ አይመጣም።

የአሜሪካው ገበያ ግን ሌላ ሒሳብ ያሰላል። አዲሱን ቅንጡ መኪና የሚገዛው ወይም የሚከራየው ሰው በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ዓመታት ትልቁን ኪሳራ ተሸክሞ ይሄዳል። ሁለተኛው ባለቤት ዋስትናው እስኪያልቅ ይነዳዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ዋጋ የሚወድቀው መኪናው ስለ ረከሰ አይደለም፤ የሚጠብቀውን የጥገና ሒሳብ የሚያውቁ ሰዎች ያንን ቀንሰው ስለሚያቀርቡ ነው። 9,400 ዶላር ቅናሽ ሳይሆን ትንበያ ነበር። የመኪናው መሸጫ ዘጠኝ እጅ ሲወርድ የሾኩ፣ የፓምፑና የኮምፒዩተሩ ዋጋ ግን እዚያው የ85 ሺህ ዶላር መኪና ዋጋ ላይ ቆሟል። የትውልድ ሐረጉን የረሳለት አንድ ክፍያ ብቻ ነው፦ ኮሎራዶ በየዓመቱ የምትሰበስበው የመኪና ባለቤትነት ግብር የሚሰላው መኪናው አዲስ ሳለ በነበረው ዋጋ ቢሆንም፣ አሥር ዓመት ሲሞላው ወደ 3 ዶላር ይወርዳል። ሌሎቹ የታርጋ ክፍያዎች ሳይቆጠሩ ማለት ነው። መንግሥት እንኳ ከዚህ በኋላ ዋጋ የለውም ብሎ የተወውን ዕቃ፣ መለዋወጫ ሻጩ አልተወውም።

ከመግዛቱ በፊት ሰውየው የመረመረው ሞተሩን ነበር፤ በትክክል መረመረው። የዚህ ሞተር የመጀመሪያዎቹ ምርቶች ውስጥ የጊዜ ሰንሰለቱን የሚመራ አንድ ጥርሳም ጎማ ያለ ጊዜው የሚበላበት ችግር እንዳለ፣ በቅርብ ዘመዱ በሆነው ባለ 6 ሲሊንደር ሞተርም የሚዛን ዘንጉ ጥርስ እንደሚያልቅ፣ ይህም እስከ ፍርድ ቤት የደረሰ ጉዳይ መሆኑን ሰምቷል። ጥገናው ሞተሩን ማውረድ ስለሚጠይቅ ብዙ ሺህ ዶላር ይፈጃል። ስለዚህ በባትሪ መብራት የሞተሩን ቁጥር ፈልጎ አነበበ፤ ቁጥሩ ከችግሩ ዘመን በኋላ የተሠራ መሆኑን አረጋገጠ። ድምፁን አዳመጠ፣ ዘይቱን በጣቱ አሻሸ፣ ጭሱን አሸተተ። ሞተሩ እስከ መጨረሻው አላሳፈረውም። ሞተሩ ደህና ከሆነ መኪናው ደህና ነው የሚለው የሶማሌ ተራ ሕግ ግን ለዚህ መኪና አልተጻፈም። በመስኮቱ ላይ የተለጠፈው፣ የፌዴራሉ ደንብ ያገለገለ መኪና ነጋዴ እንዲለጥፍ የሚያስገድደው ወረቀት፣ መኪናው ባለበት ሁኔታ ያለ ዋስትና እንደሚሸጥ በግልጽ ይናገር ነበር። ፈረመ።

አሁን ወደ ተንበረከከው መኪና እንመለስ። በእያንዳንዱ ጎማ ላይ በሞላ ፈንታ አየር የሚይዝ የጎማ ከረጢት አለ። ከአሥር ዓመት በኋላ ጎማው በሚታጠፍበት ቦታ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ በብርድ ይሰፋል፤ አየሩም ሌሊቱን ይወጣል። ጠዋት ላይ ኮምፕሬሰሩ ሞልቶ ያነሣዋል፤ ባለቤቱም ችግሩ የተፈታ ይመስለዋል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው። ኮምፕሬሰሩ የተሠራው አልፎ አልፎ ለመንፋት እንጂ የሚያፈስ ከረጢት ቀኑን ሙሉ ለመሙላት አይደለም። ይግላል፣ ይደክማል፤ የሚያዝዘው ሬሌ ተጣብቆ ከቀረም እስኪቃጠል ይሠራል። አንዱ በሽታ ሌላውን ይወልዳል። በጥር ወር ከረጢቱን የለወጠ ሰው አንድ ሒሳብ ይከፍላል፤ እስከ መጋቢት የጠበቀ ሁለት።

ሰውየው እስከ መጋቢት ጠበቀ። ይህ ስንፍና አልነበረም፤ መኪናው የተገዛበት ገንዘብ የእቁብ ገንዘብ ነበርና። አሥራ ሁለት ሰዎች በወር አንድ አንድ ሺህ ዶላር የሚጥሉበት እቁብ በመስከረም ወር ደርሶት 12,000 ዶላር ወሰደ። ባልና ሚስቱ ያንን ገንዘብ ለቤት ቀብድ ቆጥረውት ነበር። እሱ ግን መኪናው በቅንጡ የኪራይ አገልግሎት ወደ ዴንቨር አየር ማረፊያ እየተመላለሰ ገንዘቡን በአንድ ዓመት እንደሚመልስ አሰላ። በኮሎራዶ ለዚህ ሥራ ከሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽኑ ፈቃድ፣ ከዚያም የንግድ መድን ያስፈልጋል። የስልክ መተግበሪያዎቹም ለቅንጡ አገልግሎታቸው ዕድሜው የገፋ መኪና አይቀበሉም። ከተማው ውስጥ ይህን መንገድ በጋራ የጠረጉ ሾፌሮች አሉ፤ በ2009 ፈቃድ ያገኘውን ዩኒየን ታክሲን፣ በኋላም ግሪን ታክሲን የመሠረቱት በአብዛኛው ከምሥራቅና ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ ሾፌሮች ነበሩ። እነሱ ግን ወረቀቱን ጨርሰው ነው መኪና የገዙት። እሱ በተቃራኒው ሄደ፤ የመድኑን ዋጋ ሲሰማ ዕቅዱ በዚያው ቀረ። በአሮጌው ካምሪ ተሳፋሪ ማመላለሱን ቀጠለ፤ መርሴዲሱ ለእሑድ ሆነ።

አንድ የጥገና ቤት ችግሩን ለመመርመር ብቻ 185 ዶላር አስከፈለውና ለአንድ የፊት ሾክ 1,900 ዶላር ጠየቀው። እሱ የሳሙና ውሃ በጠርሙስ ይዞ በአፓርታማው ግቢ ተንበረከከ፤ ከረጢቱ ላይ ረጨ፤ አረፋው ሲነሣ ስንጥቁን በዓይኑ አየው። የታደሰ ሾክ በ580 ዶላር አዝዞ ራሱ ገጠመው። በስድስተኛው ሳምንት የቀኙ ሰመጠ፤ እኩል ዕድሜ ያላቸው ከረጢቶች ስለሆኑ መጠበቅ ነበረበት። ሌላ 580። ኮምፕሬሰር 420፣ ሬሌ 25፣ የጎማ ማስተካከያ 140። ለአየሩ ብቻ 1,745 ዶላር ወጣ። አየሩን ሁሉ አውጥቶ በተራ ሞላ የሚተካ ዕቃም በገበያ አለ። ባልንጀራው ይህን ሲመክረው «እንዲያማ ከሆነ ምኑን መርሴዲስ ሆነ?» አለው። ለዚያች መልስ የከፈለው ዋጋ በዚህ ሒሳብ ውስጥ አልገባም።

ድልም ነበረው፤ ፍትሕ ይሁን። የሞተሩ የአየር ማስገቢያ ውስጥ ያሉት ክፍክፎች የሚታዘዙበት ትንሽ የፕላስቲክ ክንድ በሙቀት ደርቃ ትሰበራለች፤ በዚህ ሞተር የተለመደ ነው። የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት ይበራል፤ በዴንቨር ዙሪያ ደግሞ በየሁለት ዓመቱ በ25 ዶላር የሚደረገውን የጭስ ምርመራ ያ መብራት በርቶ ማለፍ አይቻልም። የተለመደው ጥገና ሙሉውን የአየር ማስገቢያ መለወጥ ነው፤ ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ያስወጣል። እሱ በ35 ዶላር የብረት ክንድ ገዝቶ በአንድ ቅዳሜ ገጠማት። መብራቱ ጠፋ። ያን ቀን ማታ ወደ ሶማሌ ተራ ደውሎ ለቀድሞ አለቃው ሲተርክለት ግማሽ ሰዓት ፈጀ። «ጋሼ፣ ብረት በፕላስቲክ ቦታ!» ይል ነበር።

ሌላው ወጪ የአገሩ ጠባይ ነው። ኮሎራዶ በክረምት መንገዶቿ ላይ የምትረጨው ማግኒዚየም ክሎራይድ የመኪና ሆድ ውስጥ ገብቶ ብረትና የኤሌክትሪክ መጋጠሚያ ይበላል። በነዳጅ ማደያዎቿ ርካሹ ቤንዚን 85 ኦክቴን ነው፤ ይህ ሞተር የሚፈልገው 91 ነው፤ በከተማ ውስጥም አንድ ጋሎን የሚያስኬደው 14 ማይል ገደማ ብቻ ነው። ከባሕር ወለል 1,609 ሜትር ላይ አየሩ ስስ በመሆኑ ከ382ቱ ፈረሶች ጥቂት የማይባሉት ከግጦሽ አይመለሱም፤ 2,355 ሜትር ላይ ያደገ መካኒክ ግን ይህን እንደ ጉድለት አይቆጥረውም።

ያ መኪና ሲሠራ ምን ያህል ያምር እንደነበር ሳይነገር ማለፍ ሐሰት ይሆናል። በ2019 ክረምት የወዳጁ ልጅ ስትዳር ሙሽሪትን ከቤተ ክርስቲያን ወደ አዳራሽ የወሰዳት እሱ ነው። በአበባ የተሸፈነው ኮፈን፣ ከውስጥ ምንም የማይሰማበት ጸጥታ፣ ጉድጓድ ላይ ሲያልፍ እንደ ጀልባ ዝግ ብሎ መውጣት መውረዱ፤ ሙሽራው በመስተዋት ውስጥ ዓይኑን አይቶ «ጋሼ፣ ይሄ መኪና አይደለም» አለው። ፎቶ እስኪነሡ አንድ ሰዓት ሙሉ ሞተሩን አላጠፋም። አውሮራ በዚያን ቀን ሠላሳ አምስት ዲግሪ ነበር፤ ሰዎች ማቀዝቀዣውን ለሙሽሮቹ ብሎ ያስነሣው መስሏቸው አመሰገኑት። እሱ ግን የፈራው በፎቶው መካከል መኪናው እንዳይተኛበት ነበር።

በነሐሴ ወር፣ በ225 አውራ ጎዳና ላይ፣ ካምቢዮው በአንድ ማርሽ ላይ ተቆለፈ። ጉዳዩ የታወቀ ነው፤ በዚህ ካምቢዮ ሆድ ውስጥ፣ በዘይት መካከል፣ ፍጥነት የሚለኩ ሴንሰሮችና የካምቢዮው ኮምፒዩተር በአንድ ሰሌዳ ላይ ተቀምጠዋል። ሴንሰሩ ሲሞት ካምቢዮው ራሱን ለመከላከል ማርሽ መቀየር ያቆማል። ሰውየው ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቅ ነበር። በኮመርስ ሲቲ ካሉት የመኪና መቃብሮች በአንዱ ከኋላ የተመታ ተመሳሳይ መርሴዲስ አገኘ፤ በገዛ እጁ ሰሌዳውን አውጥቶ በ90 ዶላር ገዛው፤ ቅዳሜና እሑዱን ከመኪናው ሥር ተኝቶ ገጠመው። ሥራው ንጹሕ ነበር። አንዲት ጠብታ ዘይት አልፈሰሰም። ቁልፉን ሲያዞር መኪናው ከቆመበት ንቅንቅ አልል አለ።

ሰሌዳው ጤነኛ ነበር። ችግሩ የሞተው መኪና ሰሌዳ መሆኑ ነው። በእነዚህ መኪኖች የካምቢዮው ኮምፒዩተር ከቁልፉ ጋር በስርቆት መከላከያ ሥርዓት ይተዋወቃል፤ ሌላ መኪና ላይ ሲገባ አላውቅህም ይላል። አዲሱ የሚታዘዘው የባለቤትነት ማስረጃ ቀርቦ ነው፤ ከተገጠመ በኋላም ከፋብሪካው ጋር በተገናኘ መሣሪያ መጻፍ አለበት። አሥራ አራት ዓመት ካምቢዮ፣ ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ቺንጋ እያለ፣ ጣሊያን በተወው ቃል ሁሉ የተናገረ መካኒክ፣ የጎደለው አንድ የይለፍ ቃል ብቻ ነበር። መኪናው በተጎታች ወደ ጥገና ቤት ሄደ፦ 120 ለተጎታቹ፣ 1,960 ለሰሌዳውና ለጽሕፈቱ።

ይህን ቁልፍ ፋብሪካው ለገንዘብ ብቻ የፈጠረው ነው ማለት ሚዛን መሳት ይሆናል። ኮሎራዶ ከ2021 ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት በመኪና ስርቆት ከአገሪቱ ግዛቶች ግንባር ቀደም ከሆኑት አንዷ ነበረች፤ የተሰረቀ ኮምፒዩተር የማይሠራ ከሆነ ሌባው የሚሸጠው ያንሳል። ሰውየው ራሱ ይህን አይክድም። በአዲስ አበባ የተሰረቀብህን ስፖኪዮ ሶማሌ ተራ ሄደህ ራስህ መልሰህ ትገዛዋለህ የሚባለውን ቀልድ ከሁለቱም ወገን ያውቀዋል። ነገር ግን ያው ቁልፍ ሌባውንና ጠጋኙን አይለይም። የኮሎራዶ ሕግ አውጪዎች የመጠገን መብትን በ2022 ለኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ወንበሮች፣ በ2023 ከግዛቶች ሁሉ ቀድመው ለእርሻ መሣሪያዎች፣ በ2024 ለኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች አጸደቁ። በመኪና በኩል የሚሠራው በ2012 በማሳቹሴትስ በሕዝብ ድምፅ የጸደቀው ሕግ፣ ከዚያም በ2014 አምራቾቹ ለመላው አገር የተስማሙበት ሰነድ ነው። የትራክተር ባለቤት በሕግ ያገኘውን ያህል፣ በአፓርታማ ግቢ ከመኪናው ሥር የተኛ ሰው በእጁ የሚጨብጠው አላገኘም። በሶማሌ ተራ ጉልበት ርካሽ፣ ዕቃ ውድ ስለሆነ ሁሉ ነገር ይታደሳል። በአውሮራ የመካኒክ ሰዓት 150 ዶላርና ከዚያ በላይ ስለሆነ ሁሉ ነገር ይለወጣል። ይህ ሰው በሁለቱ መካከል ራሱን ነጻ ጉልበት አድርጎ አትራፊ ለመሆን ሞከረ፤ ሰሌዳው ላይ ሲደርስ ነጻ ጉልበት የሚገባበት በር አልነበረም።

ሒሳቡን የያዘችው ሚስቱ ናት። በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ተረኛ ሆና ስትሠራ፣ በእረፍት ሰዓቷ በሰማያዊ ደብተር ትጽፋለች። አራት ጎማ በ720 ዶላር የተለወጠ ዕለት «ሦስተኛ ልጅ ወልደናል እኮ» አለችው፤ «ይሄኛው ደግሞ ጫማው ብቻ ሰባት መቶ ሃያ ነው።» ከዚያ ሌላ አልተናገረችም፤ እሱም ብትጮህበት ይመርጥ ነበር። ደብተሩ ላይ ያለው እንዲህ ነው፦ ግዢ 9,400፤ የሽያጭ ግብር 752፤ ለአየሩ 1,745፤ ለካምቢዮው የማይሠራውን ሰሌዳ ጨምሮ 2,170፤ ለጎማ፣ ለባትሪ፣ ለሞተር መቀመጫ፣ ለፊት ክንዶች፣ ለምርመራና ለዚያች የብረት ክንድ 1,910። ሁሉም 15,977 ዶላር። ነዳጅና መድን የለበትም። እሱ በእጁ የሠራባቸው 46 ሰዓታትም የሉበትም፤ በጥገና ቤት ዋጋ 6,900 ዶላር ይሆኑ ነበር።

በመጋቢት 2020 ወረርሽኙ አየር ማረፊያውን ባዶ ሲያደርገው የካምሪውም ሥራ ቆመ። መርሴዲሱ ለሰባት ወራት በግቢው ቆመ፤ ባትሪው እንዳይሞት በሳምንት አንድ ቀን ያስነሣዋል፤ ሳያስነሣው የቀረ ሳምንት ይተኛል። በጥቅምት በ4,100 ዶላር ሸጠው። በሁለት ዓመት የጠፋው 11,877 ዶላር ነው፤ በወር ወደ 495፤ የአዲስ ካምሪ ወርኃዊ ክፍያ ሊሆን የሚችል ገንዘብ። የእቁቡ 12,000 ማለት ነው፣ ከ123 ዶላር በስተቀር። በዚያው ዓመትና በተከታዩ የዴንቨር አካባቢ ቤት ዋጋ ሽቅብ ወጣ፤ ቀብድ ይሆናል ያሉት ገንዘብ ቢመለስ እንኳ የማይበቃ ሆነ። ሁለተኛው እቁብ እስኪደርስ ሌላ ዓመት በአፓርታማው ተቀመጡ።

የገዙት ከፑዌብሎ የመጡ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። ታናሹ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የቆዳውን ስፌት በጣቱ ይከተል ነበር። ሰውየው ኮፈኑን ከፍቶ ሁሉን አሳያቸው፦ የተለወጠውን፣ ያልተለወጠውን፣ የኋላ ከረጢቶቹ ገና የፋብሪካው መሆናቸውን፣ የሳሙናውን ውሃ። ያስቀመጠውን አንድ ትርፍ ሬሌም ከኪሱ አውጥቶ በነጻ ሰጣቸው። ታላቁ ተቀበለው፤ ምን እንደሆነ ግን አልጠየቀም።

ዛሬም በሃቫና ጎዳና እንደዚያ ያለ ጥቁር መኪና ቆሞ ሲያይ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ታርጋውን አያይም። የሚያየው በፊት ጎማውና በላሜራው መካከል ያለውን ክፍተት ነው፤ አራት ጣት ያስገባ እንደሆነ።